«ነፍስ ይማር»፦ ከቦምቤ ለቅሶ ቤት እስከ ፍሎረንስ ጉባኤ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እነግራችኋለሁ።

አያቴ ያረፈችው ቦምቤ ነው፤ ባለፈው ክረምት። ካቶሊክ ነበረች። ትልቁ ልጇ፣ አጎቴ፣ የቃለ ሕይወት ሽማግሌ ነው። አክስቴ ኦርቶዶክስ አግብታ በዚያው ጸንታለች። እናቴ እንደ አያቴ ካቶሊክ ሆና ቀረች። ወላይታ ለምታውቁ ይሄ ብርቅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. (በእኛ) ቆጠራ በዞኑ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ 51፣ ኦርቶዶክሱ 42፣ ካቶሊኩ 5 ገደማ ነበር። ቁጥሩን ስታዩት ሦስት ሕዝብ ይመስላል፤ ለቅሶ ቤት ስትገቡ ግን አንድ ድንኳን ነው።

በዚያ ድንኳን ውስጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሚገባው ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ይላል። አጎቴ ግን በሦስቱም ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ከአፉ አልወጣም። «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ይላል፤ «ጌታ ያበርታችሁ» ይላል፤ ያቺን ቃል ግን ይዘላታል። እናቴም አስተውላለች። ምንም አላለችም፤ ግን ገብቷታል።

ነገሩ የፈነዳው ለአርባው ስንዘጋጅ ነው። እናቴ «በስሟ ቅዳሴ ይቀደስላት» አለች። አክስቴ «ተዝካሯ በወጉ ይውጣ እንጂ!» አለች። አጎቴ ደግሞ ረጋ ብሎ፣ «እማዬ ጌታ ጋ ናት። ጉዳዩ አልቋል። ለአለቀ ጉዳይ ማመልከቻ አይጻፍም» አለ። እናቴ አለቀሰች። ከዚያ የአጎቴ ልጅ ስልኩን አወጣና «መንጽሔ የሚባለው እኮ በ1439 ፍሎረንስ ላይ ካቶሊኮች የፈጠሩት ነው» ብሎ አነበበልን። የአክስቴ ልጅም አልተኛም፤ «እኛም መንጽሔን አንቀበልም፤ ጸሎተ ፍትሐት ግን ሌላ ነው» አለ። አያቴ ተረሳችና ክርክሩ ቀጠለ።

እኔ ያን ቀን የምለው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

መጀመሪያ ትምህርቱ ራሱ ምን እንደሚል እንወቅ፤ ብዙ ጊዜ የምንጣላው ባልተባለ ነገር ነው። «መንጽሔ» ነጽሐ ከሚለው ግእዝ የወጣ ነው፤ መጥራት፣ ንጹሕ መሆን ማለት ነው። በካቶሊክ ትምህርት ሰው እንደሞተ ወዲያው በግሉ ይፈረድበታል። ከዚያ ወይ ወደ እግዚአብሔር፣ ወይ ለዘላለም ከእግዚአብሔር መለየት። መንጽሔ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ ዕጣ አይደለም። በእግዚአብሔር ጸጋ የሞተ፣ መዳኑ የተረጋገጠለት፣ ግን ገና ያልጠራ ሰው የሚጠራበት ነው። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1030 እስከ 1032 የሚለው ይሄንን ነው። ስለዚህ «ኃጢአተኛው ከሞተ በኋላ ሁለተኛ ዕድል ያገኛል» የሚለው ስህተት ነው። ወደ መንጽሔ የገባ ሁሉ መውጫው ወደ ላይ ብቻ ነው። በሕይወት ያለነው ደግሞ በጸሎት፣ በቅዳሴና በምጽዋት ልናግዘው እንችላለን ይላል። እናቴ በአርባው ቀን የፈለገችው ይሄንኑ ነው።

ታዲያ ይሄ በ1439 ነው የተፈጠረው? አዎም፣ አይደለምም።

ጸሎቱ ከትምህርቱ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። በ203 ካርቴጅ ላይ፣ የዛሬዋ ቱኒዚያ ማለት ነው፣ ፐርፔቱዋ የምትባል ወጣት እናት በክርስትናዋ ታስራ ሞቷን ትጠብቅ ነበር። ዲኖክራጥስ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፤ በሰባት ዓመቱ ፊቱ ላይ በወጣ ክፉ ቁስል ሞቷል። እስር ቤት ሆና በራእይ አየችው። ጨለማ ቦታ ነው፤ ልጁ ተጠምቷል፤ አጠገቡ የውሃ ገንዳ አለ፤ ከንፈሩ ግን ከቁመቱ በላይ ስለሆነ አይደርስበትም። ቀንና ሌሊት ጸለየችለት። ከቀናት በኋላ ዳግመኛ አየችው፤ ቁስሉ ሽሯል፤ የገንዳው ከንፈር ዝቅ ብሎለታል፤ ጠጥቶ እንደ ልጅ ሊጫወት ሄደ። በዚያን ዘመን ጉባኤ የለም፤ ድንጋጌ የለም፤ «መንጽሔ» የሚል ቃልም የለም። ያለው የሞተ ወንድሟ ጥማት ያላስቀመጣት እህት ናት።

በ387 የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ስትሞት ልጆቿ አገሯ ስላልተቀበረች ተጨነቁ። እሷም አፍሪካዊት ናት። «ሥጋዬ የትም ይቀበር፤ በጌታ መንበር ፊት ግን አስታውሱኝ» የሚል መንፈስ ያለው ቃል ብቻ ነው የተናገረችው። አውግስጢኖስም ይሄንን ጽፎ፣ ለእናቱ ነፍስ ጸልዮ፣ አንባቢውንም ጸልዩላት ብሎ ለምኗል። አያቴም ከዚህ የተለየ አልጠየቀችም።

ከዚያ የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ (590–604) አንድ ታሪክ ጻፈ። ዩስጦስ የሚባል መነኩሴ ሦስት የወርቅ ሳንቲም ደብቆ ሞተ። ጎርጎርዮስ ለመቀጣጫ በክብር እንዳይቀበር አደረገ፤ ኋላ ግን አዘነለትና ሠላሳ ቀን ተከታትሎ ቅዳሴ እንዲቀደስለት አዘዘ። በሠላሳኛው ቀን ሟቹ ለወንድሙ ታይቶ «አሁን ደህና ነኝ» አለው። በካቶሊክ ዘንድ «የጎርጎርዮስ ሠላሳ ቅዳሴ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። በ1000 ዓመት ግድም ደግሞ የፈረንሳዩ የክሉኒ ገዳም አበምኔት ኦዲሎ የሙታን ሁሉ መታሰቢያ በኅዳር 2 (በፈረንጅ) እንዲሆን አደረገ። በእኛ ጥቅምት 23 አካባቢ ይውላል። አያቴ ያን ቀን ገበያ አትሄድም ነበር።

እንግዲህ አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ ሲጸለይ ቆይቶ ነው ሊቃውንቱ «ቆይ፣ የምንጸልይለት ሰው የት ነው ያለው?» ብለው የጠየቁት። ገነት ከገባ ጸሎት አያስፈልገውም፤ ገሃነም ከገባ አይጠቅመውም። «ፑርጋቶሪዩም» የሚለው ስም በላቲን ጎልቶ የወጣው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1274 የሊዮን ጉባኤ ትምህርቱን ጠቀሰው፤ ገጣሚው ዳንቴም በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተራራ አድርጎ ሣለው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1331 ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ በአቪኞ ሲሰብክ፣ የጻድቃን ነፍሳት እግዚአብሔርን ፊት ለፊት የሚያዩት ከትንሣኤና ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ነው አለ። ይሄ ከእኛው ኦርቶዶክስ አባቶች ትምህርት ጋር ይቀራረባል፤ ነፍሳት በገነት ቆይተው መንግሥተ ሰማያትን የሚወርሱት ከዳግም ምጽአት በኋላ ነው የሚለውን ማለት ነው። ሊቃውንቱ ተንጫጩበት፤ እሱም በ1334 በሞት አልጋው ላይ ሐሳቡን ሳበ። ተተኪው በነዲክቶስ 12ኛ በ1336 ያልቀረበት ነገር የሌለው ነፍስ ወዲያው እግዚአብሔርን ያያል ብሎ ደነገገ። «ወዲያው» የምትለዋ ቃል ስትጸና ነው የመንጽሔ ጥያቄ ይበልጥ የከረረው፤ ያልጠራውስ እስኪጠራ ምን ይሆናል?

አሁን ፍሎረንስ ደረስን። በ1438 እና 1439 ላቲኖችና ግሪኮች ለዕርቅ ሲቀመጡ ካከራከሯቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር። ግሪኮቹ «ለሙታን አንጸልይም» አላሉም። እንጸልያለን፤ ነገር ግን እሳት ስለሚሉት ነገር አባቶቻችን አላስተማሩንም ነው ያሉት። የኤፌሶኑ ማርቆስ በዚህ አጥብቆ ተሟገተ። በመጨረሻ ሐምሌ 6 ቀን 1439 የወጣው ሰነድ የመንጻት ቅጣት እንዳለና የሕያዋን ጸሎት እንደሚጠቅም ሲናገር፣ እሳት የምትለዋን ቃል ግን አላስገባም። የአጎቴ ልጅ ያነበበው ዓመት ልክ ነው፤ የተረዳው ግን ተገልብጦ ነው። ፍሎረንስ ላይ የተደረገው ፈጠራ ሳይሆን ቀነሳ ነው ማለት ይቻላል።

እኛስ የት ነበርን? እዚያው! በ1441 ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም የተላኩ መነኮሳት ፍሎረንስ ደርሰዋል። አበምኔቱ ኒቆዲሞስ ነው የላካቸው። ያ ኅብረት ወደ ሀገር ቤት ገብቶ አልጸናም። በ1620ዎቹ ዓፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሲሆኑም ሕዝቡን በዋናነት ያስነሳው የክርስቶስ ባሕርይ፣ ሰንበትና ግዝረት እንጂ የሙታን ጉዳይ አልነበረም። ለምን ቢባል ለሙታን መጸለዩ እኛው ቤት ነበረ። መጽሐፈ ግንዘት አለ። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት አለ። በየቅዳሴው ያረፉት ይታሰባሉ።

በላዔ ሰብእንም አስታውሱ። 78 ሰው የበላ ሰው፤ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ የሰጣት እፍኝ ውሃ በሚዛን ከዚያ ሁሉ ደም በለጠች። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ይሄንን መንጽሔ አይሉትም፤ ልክ ናቸው፤ ነገሩ የምሕረትና የምልጃ ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የካርቴጇ ፐርፔቱዋ ያየችው ውሃ ነው፤ በላዔ ሰብእን ያዳነው ውሃ ነው፤ በወንጌሉ ባለጠጋው ከሲኦል ሆኖ አብርሃምን የለመነው ጠብታ ውሃ ነው። ሰው ስለ ሞቱ ዘመዶቹ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥማታቸው ነው ማለት ነው።

ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። ካቶሊኮች ለሙታን ስለመጸለይ ከሚጠቅሱት ዋናው ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ነው። ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት የወደቁት ወታደሮቹ ከልብሳቸው ስር የጣዖት ክታብ ተገኘባቸውና ሁለት ሺህ ድሪም ብር አሰባስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ይሄንን ታሪክ በእኛ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ መቃብያን ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ መቃብያን ሌላ መጽሐፍ ነው። በፕሮቴስታንቱ 66 ደግሞ መቃብያን ጭራሽ የለም። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ሦስቱም ልጆች «መጽሐፉ ይላል»፣ «አይልም» ሲባባሉ ሦስት የተለያየ መጽሐፍ ይዘው ነበር!

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ፤ ምክንያቱም እሱም ዝም ብሎ ግትር አይደለም።

በ1517 ማርቲን ሉተር የተነሳው መንጽሔን ለመካድ አልነበረም። በዘጠና አምስቱ ነጥቦች ውስጥ መንጽሔ እንዳለ ተቀብሎ ነው የሚከራከረው። ያንገበገበው ንግዱ ነው። ቴትዘል የሚባል መነኩሴ ለሮሙ የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ ማሠሪያ የስርየት ደብዳቤ እያዞረ፣ ድሃው ለሞቱ ወላጆቹ ሲል ያለችውን ሳንቲም እንዲያወጣ ያደርግ ነበር። አስቡት፤ እናትህ እሳት ውስጥ ናት፣ በዚህች ሳንቲም ትወጣለች ስትባል የማይሰጥ ማን አለ? በሐዘን ላይ ግብር መጣል ማለት ይሄ ነው። ሉተር መንጽሔን ጭራሽ የተወው ቆይቶ በ1530 ነው። ካቶሊኮቹም ጥፋቱን አልካዱም። የትሬንት ጉባኤ በ1563 መንጽሔ እንዳለ አጽንቶ፣ ግን ሕዝቡን በማይጠቅም ፍልስፍና ማወክንና የጥቅም ንግድን ከለከለ። ጳጳስ ፒዮስ 5ኛ በ1567 በገንዘብ የሚሰጥ ስርየትን አስቀረ።

አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተገናኝቷል። በአስተርጓሚ ስለ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ተነጋገሩ። ሲሰነባበቱ ደግ ክርስቲያኖች ሁሉ እንዲቀበሉት የሚጠይቅ የድጋፍ ደብዳቤ ተሰጠው። ልብ በሉ፤ መንጽሔን ከካደ አራት ዓመት የሆነው ሉተር፣ በየቅዳሴዋ ሙታንን ከምታስብ ቤተ ክርስቲያን የመጣን ሰው ወንድም ብሎ ነው የሸኘው።

ወደ ወላይታ ስንመጣ ደግሞ የአጎቴ ዝምታ የራሱ ታሪክ አለው። ከ1894ቱ የምኒልክ ዘመቻና ከካዎ ጦና መማረክ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ሲተከሉ ፍትሐቱም ተዝካሩም አብሮ ሰፋ። የጥንቱ የወላይታ ለቅሶ ራሱ ለቀናት የሚዘልቅ ነበር፤ የሞቱ አባቶች መንፈስም ይፈራ፣ ይለመን ነበር። በ1928 የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ፣ ኦቶና ሲገቡ አማኞቹን ያስተማሩት ከዚያ ሁሉ ቁርጥ ብሎ መለየትን ነው። ጦሳ አንድ ነው፤ ከሙታን ጋር ምንም ጉዳይ የለህም። ጣልያን በ1937 ሚሽነሪዎቹን ሲያስወጣ ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ። ሲመለሱ ወደ አሥር ሺህ ሆነው እንዳገኟቸው ራሳቸው ተርከዋል። ያን ትውልድ ያቆመው ይሄ ቁርጥነት ነው። እነሱ «ነፍስ ይማር» የሚለውን ሲሰሙ የሚታያቸው ያ የድሮ ፍርሃት ነው። በሬ ሸጦ፣ መሬት አስይዞ ተዝካር ያወጣውና በዕዳ የወደቀው ጎረቤትም ይታያቸዋል። «ክርስቶስ ከፍሏል፤ ሌላ ክፍያ የለም» ሲሉ ለድሃው እፎይታ ነበር።

ካቶሊኮቹም በዚያው ዘመን ነው የመጡት። የፈረንሳይ ካፑቺኖች ከሐረር ተነስተው ወደ ከምባታና ወላይታ ወረዱ። በአረካ አጠገብ ያለችውን ዱቦን የማያውቅ የቦሎሶ ሰው የለም፤ ብዙዎቻችን በሆስፒታሏ ነው የምናውቃት። በ1940 የሆሳዕና ሐዋርያዊ አስተዳደር ተቋቋመ፤ በ1982 ሶዶ–ሆሳዕና ተብሎ ወደ ቪካርያትነት አደገ፤ በ2010 ሶዶና ሆሳዕና ለየብቻ ሆኑ። አያቴ ከልጅነቷ የተማረችው ጸሎት ይሄ ነው፤ ማታ ማታ በወላይትኛ ለሞቱት ሁሉ ስማቸውን እየጠራች ትጸልይ ነበር። ስማቸውን የማታውቀውንም «ማንም የማያስታውሳቸው» ብላ ትጨምር ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ካቶሊኮቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በነሐሴ 1999 መንጽሔ ቦታ ሳይሆን ነፍስ ያለችበት ሁኔታ ነው ብለዋል። በነዲክቶስ 16ኛ በ2007 በጻፉት መልእክት የአንዳንድ የዘመናችን ሊቃውንትን ሐሳብ ሲያነሡ፣ የሚያቃጥለውም የሚያድነውም እሳት ክርስቶስ ራሱ ነው፣ ከእሱ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ነው የሚለውን አብራርተዋል። ይሄንን ለአጎቴ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «እንዲህ ከሆነማ… ጌታን ሳያይ ንጹሕ የሆነ ማን አለ?» አለኝ። ተስማማ ማለቴ አይደለም። አልተስማማም። ግን ጥያቄው ተቀይሯል።

አርባው ቀን እንዲህ አለፈ። እናቴ ቅዳሴውን አስቀደሰች። አክስቴ በሬ ማረዱን ትታ የሰፈሩን ድሆች አበላች። አጎቴ ቅዳሴው ላይ አልገባም፤ ግን ጠዋት አንድ ኩንታል በቆሎ አስፈጭቶ ወደ አክስቴ ቤት ላከ። እናቴ ደውላ ስታመሰግነው «ይሄ ለእማዬ ነፍስ አይደለም» አላት፤ «እማዬ ድሃ ስለምትወድ ነው።» እናቴም «እሺ ወንድሜ፣ ስሙን አንተ እንዳሻህ በለው» አለችው።

እኔ ሃይማኖት አስታራቂ አይደለሁም። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ «ሁሉም አንድ ነው» ማለትም ለሦስቱም ንቀት ነው። ግን አንድ ነገር አምኛለሁ። ይሄ ሁሉ ጉባኤ፣ ይሄ ሁሉ መጽሐፍ የተነሳው ከአንዲት ነገር ነው፤ ሰው የሞተበትን ሰው ዝም ብሎ መተው አለመቻሉ። እናቴ ስትጸልይ አያቴን አልተወቻትም። አጎቴም «ጌታ ጋ ናት» ሲል ለማን እንደተዋት ያውቃል። ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ» ብለን «ያኑርህ» እንባባል የለ? ምሕረትን ለሕያው መመኘት ካላጣላን፣ ለሞተ የተመኘውን ሰው ቢያንስ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንሟገተው። ክርክሩ ይቆየን፤ ከአርባው በኋላም ይደርሳል።

እናንተስ ቤት እንዴት ነው? አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሦስት ቤተ ክርስቲያን ያላችሁ፣ አርባና ሰማንያውን እንዴት ነው የምትወጡት? በተለይ የቦሎሶ፣ የከምባታና የዳውሮ ልጆች ጻፉልኝ። ስድብ ግን አጠፋለሁ፤ ለቅሶ ቤት ነን።

ሳሮ ለሁላችሁም። አያቴንም፣ ማንም የማያስታውሳቸውንም፣ ነፍስ ይማር።